አንበጣው የማን ነበር? የግብጹ የሙታን አምላክ በልጆቻችን ጌም ውስጥ

 

ዛሬ የምጽፈው ልጆቻችን በኮምፒውተርና በስልክ ስለሚጫወቱት ጌም ነው። «ደግሞ ስለ ጌም!» እንዳትሉኝ። ስንት ሰዓት ይጫወቱ፣ መቼ ይተኙ የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እሱን አልደግመውም። የማነሣው ሌላ ነገር ነው። የልጃችሁ ክፍል ስትገቡ ስክሪኑ ላይ ሰውነቱ የሰው፣ ራሱ የቀበሮ የሆነ ጥቁር ፍጡር አይታችሁ ይሆናል። ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ አንገቱ ላይ ወርቅ ያጠለቀ፣ በእጁ ዘንግ ወይም ጦር የያዘ። ስሙ አኑቢስ ይባላል። የጥንት ግብጻውያን የሙታን አምላክ ነው።

ይህን ያዩ አንዳንድ ወላጆች ይደነግጣሉ። «ይሄማ ጣዖት ነው። እግዚአብሔር በግብጽ አማልክት ላይ ፈርዶ አባቶቻችንን አወጣ፣ ልጄ ደግሞ መልሶ ቤቴ ያስገባቸዋል?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ተዉት፣ ጨዋታ ነው፣ ልጅ አይደል?» ብለው በሩን ዘግተው ይወጣሉ። እኔ ሁለቱም መልስ አይበቃም ባይ ነኝ።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ልጆቻችን ለአኑቢስ ይሰግዳሉ ብሎ መፍራት አያስፈልግም። ዛሬ በግብጽ እንኳ የሚሰግድለት ሕዝብ የለም። የሚያሳስበው ልጁ ስለ ሞት፣ ስለ ፍርድ፣ ለሞተ ሰው ስለሚገባው ክብር የሚሰማው ታሪክ የጌሙ ታሪክ ብቻ ሲሆን ነው። በዚህ ጉዳይ ደግሞ እኛ ባዶ እጃችንን አይደለንም። የምንነግረው አለን፣ ያውም ከዚያችው ከግብጽ የወጣ ታሪክ።

መጀመሪያ ግን ሰውዬው ማን እንደነበር እንወቅ። የማናውቀውን ነገር ብንቃወም ልጁ አይሰማንም።

ግብጻውያን ሙታናቸውን የሚቀብሩት ከእርሻው ወጣ ብሎ በረሃው ጠርዝ ላይ ነበር። እዚያ ሌሊት የሚዞሩት ቀበሮዎችና የዱር ውሾች ናቸው። ጥልቅ ያልሆነ መቃብር ካገኙ ይቆፍራሉ። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ሬሳን ከጅብ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ በአገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል። ግብጻውያን ታዲያ የፈሩትን አውሬ ጠባቂ አደረጉት። መቃብር የሚቆፍረው የመቃብር ዘበኛ ሆነ። አኑቢስ ማለት ይህ ነው። ስሙም ቢሆን ግሪኮች ያወጡት አጠራር ነው፣ ግብጻውያን ራሳቸው «ኢንፑ» ወደሚል በተጠጋ ስም ይጠሩት ነበር።

ጥቁርነቱም የክፋት ምልክት አልነበረም። ለግብጻውያን ጥቁር ማለት የአባይ ጎርፍ ሲጎድል ትቶት የሚሄደው ለም አፈር ቀለም ነው፣ አዝመራ የሚበቅልበት፣ ሕይወት የሚመለስበት። ያ አፈር ደግሞ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በአባይና በተከዜ ታጥቦ የወረደ ነው፣ ከእናንተ ማሳ ጭምር። በየፊልሙና በየጌሙ ጥቁር የሆነ ነገር ሁሉ አስፈሪ ተደርጎ ሲሳል እያየ ለሚያድግ ልጅ ይህን መስማት ትንሽ ነገር አይደለም። ንገሩት።

ሥራውስ? ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው ሬሳውን ማዘጋጀት ነው። ግብጻውያን ሬሳን ጨው በሚመስል ነገር ያደርቁታል፣ ቅባትና ሽቶ ይቀቡታል፣ ከዚያ በተልባ እግር ጨርቅ ከራስ እስከ እግር ይጠቀልሉታል። የዚህ ሁሉ ጠባቂ አኑቢስ ነበር። ሌላውን የሆድ ዕቃ ሲያወጡ ልብን ግን እዚያው ይተዉታል። ለምን? ልብ የሚመዘን ነው ብለው ያምኑ ስለነበር።

ሁለተኛው ሥራው ይኸው ሚዛን ነው። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ «የአኒ ፓፒረስ» የሚባል ከ3,200 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጥቅልል አለ። በሥዕሉ ላይ የሞተው ሰው ልብ በአንዱ የሚዛን ሳህን፣ በሌላው ደግሞ የእውነትና የትክክል ምልክት የሆነችው የሰጎን ላባ ተቀምጣለች። ልቡ በኃጢአት ከከበደ፣ ራሱ አዞ፣ ፊቱ አንበሳ፣ ኋላው ጉማሬ የሆነ አውሬ ይበላዋል። አኑቢስ ምን ያደርጋል? ተንበርክኮ የሚዛኑን ልክነት ይፈትሻል። አይገድልም። የፍርዱ አለቃም እሱ አይደለም፣ ኦሲሪስ የሚባለው ነው። የአኑቢስ ድርሻ ሚዛኑ እንዳይዋሽ መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ጌሙ እንምጣ።

በ2002 የወጣ «ኤጅ ኦፍ ሚቶሎጂ» የሚባል ጨዋታ አለ፣ በ2024 ታድሶ እንደገና ወጥቷል። ግብጻውያንን መርቶ አኑቢስን የመረጠ ተጫዋች የቀበሮ ራስ ያላቸው ወታደሮች ይሰለፉለታል፣ በጠላቱም ላይ እባብ ያፈላል። በ2014 በይፋ የወጣው «ስማይት» የልዩ ልዩ ሕዝቦችን አማልክት አንድ ሜዳ ላይ ያዋጋል። እዚያ አኑቢስ ተቃዋሚውን በመግነዝ ጠቅልሎ እንዳይነቃነቅ ያደርገዋል፣ የአንበጣ መንጋም ይለቅበታል። በ2016 የወጣው «ኦቨርዎች» ውስጥ «የአኑቢስ ቤተ መቅደስ» የሚባል የውጊያ ቦታ አለ። አኑቢስ እዚያ የታሰረ አደገኛ የኮምፒውተር አእምሮ ነው። በ2017 የወጣው «አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጅንስ» ውስጥ ደግሞ እንደ ተራራ የገዘፈ አኑቢስ በረሃው ላይ ይቆማል፣ ተጫዋቹም ቀስት እየወረወረ ይወጋዋል።

አያችሁት? የቀባሪው እጅ የገዳይ እጅ ሆነ። ለሬሳ ክብር የሚጠቀለለው ጨርቅ በቁም ያለን ሰው ማሰሪያ ሆነ። ሚዛኑ ቀረ፣ ጦሩ መጣ።

እርግጥ የአኑቢስን መልክ መለወጥ የጀመሩት ጌም ሠሪዎች አይደሉም። እስክንድርያ ውስጥ ኮም ኤል ሹቃፋ በሚባለው ከመሬት በታች ያለ የመቃብር ዋሻ፣ ከ1,800 ዓመት በላይ ባስቆጠረ ቅርጽ ላይ አኑቢስ የሮም ወታደር ጥሩር ለብሶ ቆሟል። ያን ጊዜ ግብጽን የሚገዙት ሮማውያን ነበሩ። እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ልብስ ያለብሰዋል። ግን ያ ሮማዊ ልብስ የለበሰው አኑቢስ እንኳ ሥራው አልተቀየረም፣ መቃብር ሲጠብቅ ነው የሚታየው።

ጌም ሠሪዎች እንዲህ የሚደፍሩት ተቆርቋሪ ስለሌለው ጭምር ነው። «ስማይት» የሂንዱዎችን አምላክ ካሊን ሲያስገባ በ2012 አንዳንድ የሂንዱ እምነት መሪዎች በአደባባይ ተቃውመዋል፣ ምክንያቱም ካሊ ዛሬም የሚጸለይላት ናት። ለአኑቢስ የሚናገር ግን የለም። ስለዚህ ጣዖት አምልኮ ቤቴ ገባ ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ ትንሽ ይረጋጋ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሃይማኖት የሌለው ስም ነው፣ የፈለገው ሁሉ የፈለገውን ያለብሰዋል።

ነገር ግን ስሙ ባዶ ስለሆነ የሌላ ሰው ታሪክም ተወስዶ ይሞላበታል። አንበጣው የማን ነበር?

አስቡት እስቲ። የአንበጣ መንጋ በግብጽ ላይ የመጣው በኦሪት ዘጸአት ነው፣ ስምንተኛው መቅሠፍት። ያመጣው እግዚአብሔር ነው፣ የተመታውም ግብጽ። እባቡም የአሮን በትር ነበር፣ የፈርዖንን ጠንቋዮች በትሮች የዋጠው። ጌም ሠሪዎች ግን አንዱ አንበጣውን፣ ሌላው እባቡን አንሥተው ለግብጹ አምላክ መሣሪያ አድርገው ሰጡት። እኛን ለማስቀየም ብለው አይመስለኝም። ግብጽ ሲባል በዓለም ሁሉ አእምሮ የሚመጣው ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ሥዕል ነውና ያገኙትን ቀላቀሉት። ሆኖም ውጤቱን እዩት፣ በፋሲካ ሌሊት አሥሩን መቅሠፍት የሚቆጥር ልጅ፣ በማግስቱ አንበጣውን ከአኑቢስ እጅ ይለቀዋል፣ ልዩነቱም ላይታየው ይችላል።

ይህ የሚያስቆጣ አይደለም፣ የሚያስጀምር ነው። ልጁን መገሠጽ ትታችሁ ጠይቁት። «ይሄ አንበጣ ከየት መጣ? አንተ የምታውቀው የማን ነው?» በሉት። እናንተ ደግሞ አንበጣን በዓይናችሁ ያያችሁ አላችሁ፣ ሰማዩ ሲጨልም፣ ማሳው በግማሽ ቀን ባዶ ሲቀር፣ ሕዝቡ ቆርቆሮና ጣሳ እየደበደበ ሲያባርር። ለልጁ በስክሪን ላይ የሚበር ነጥብ የሆነው ነገር ለናንተ የአንድ ዓመት እህል ነው። ይህን ከእናንተ በቀር ማን ይነግረዋል?

ሁለተኛው ነገር ልብ ነው። ግብጻውያን የሞተ ሰው ልብ እንዳይከብድ ይፈሩ ነበር አልን። አሁን የኦሪትን የዕብራይስጥ ቃል ተመልከቱ። የፈርዖን ልብ ደነደነ በምንልበት ታሪክ፣ ዕብራይስጡ በብዙ ቦታ የሚጠቀመው «ካቬድ» የሚለውን ቃል ነው። ምን ማለት ነው? ከባድ! በአማርኛ ከበደ፣ ከባድ የምንለው ያው ቃል፣ ያው ሥር። በኦሪቱ የፈርዖን ልብ ከባድ ነው። በራሱ በፈርዖን አገር እምነት ደግሞ ከባድ ልብ ያለው ሰው በሚዛኑ ይወድቃል። ይህን አያይዘው የተናገሩ ሊቃውንት አሉ። በገዛ ሚዛናችሁ ተመዝናችሁ ቀለላችሁ ሳይሆን፣ በገዛ ሚዛናችሁ ከበዳችሁ የተባሉ ያህል ነው።

ለልጁ ይህን ብትነግሩት ሁለት ነገር ያገኛል። ጌሙ የቆረጠውን ሚዛን ያገኛል፣ ዕብራይስጡና የናንተ አማርኛ ዘመዳሞች መሆናቸውንም ያያል። «አማርኛ አይገባኝም» የሚል ልጅ ካቬድን ካወቀ ከባድን አወቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ግልጽ ይሁን። ግብጻውያን ሚዛኑን ስለሚፈሩ ሊያልፉት የሚችሉበት ዘዴ አበጅተው ነበር። በጥንዚዛ ቅርጽ የተጠረበ ድንጋይ ከሬሳው ደረት ላይ ያስቀምጣሉ፣ በላዩም ልብ በባለቤቱ ላይ እንዳይመሰክር የሚለምን ድግምት ይጻፍበታል። ለፍርድ ቀን ልብን ዝም የሚያሰኝ ክታብ ማለት ነው። የእኛ አባቶች ያስተማሩን ግን ልብን የሚመዝን ራሱ ፈጣሪ መሆኑን ነው፣ እሱ ዘንድ ደግሞ ክታብ አይሠራም። ልጁ ይህን ከቄሶቻችን አፍ ቢሰማ ጥሩ ነው፣ ካልሆነም ከናንተ ይስማው።

ሦስተኛው፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ የዮሴፍ አጥንት ነው።

ያዕቆብ በግብጽ በሞተ ጊዜ ዮሴፍ ምን እንዳደረገ ታስታውሳላችሁ። የግብጽ ሐኪሞች የአባቱን ሬሳ በግብጽ ሥርዓት እንዲያዘጋጁት አዘዘ። አርባ ቀን ፈጀባቸው፣ ግብጻውያንም ሰባ ቀን አለቀሱለት ይላል ኦሪቱ። ዮሴፍ ራሱም ሲሞት እንዲሁ ተደርጎለት በግብጽ በሣጥን ተቀመጠ። እንግዲህ አስተውሉ፣ ግብጻውያን የአኑቢስ ነው የሚሉት ያ የእጅ ሥራ በያዕቆብና በዮሴፍ ሬሳ ላይ ተሠርቷል። ልጁ በጌም የሚያየው መግነዝ የአባቶቻችንን ሰውነት ነክቷል።

ግን የእነሱ ታሪክ እዚያ አላበቃም። ያዕቆብ ከነዓን ተወስዶ በአባቶቹ መቃብር ተቀበረ። ዮሴፍም ወንድሞቹን አማለ፣ ስትወጡ አጥንቴን ከዚህ አውጡ ብሎ። ሕዝቡ ከግብጽ በችኮላ ሲወጣ፣ ሊጡ ሳይቦካ፣ ሙሴ የዮሴፍን አጥንት ይዞ ወጣ። አርባ ዓመት በበረሃ ተሸከሙት፣ በሴኬምም ቀበሩት። ግብጻውያን ለሙታናቸው የማይፈርስ ቤት ሠሩ። የእኛ አባቶች ደግሞ ሙታቸውን ተሸክመው ተጓዙ።

ይህን ከእኛ በላይ የሚረዳው ማን ነው? ከመንደሩ ተነሥቶ በእግሩ ሱዳን የገባው ሕዝባችን ሁሉንም ሙታን መሸከም አልቻለም። በመንገድና በካምፖቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን ቀርተዋል። በሌሊት፣ በችኮላ፣ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ሳይቻል የተቀበሩ አሉ። መቃብራቸው የት እንደሆነ የማይታወቅ አሉ። በየዓመቱ በኢያር 28 ሄርጽል ተራራ ላይ ተሰብስበን የምናስባቸው እነዚህን ነው። መርዶው ከዓመታት በኋላ የደረሰው፣ ለቅሶውን እዚህ አገር የተቀመጠ ስንት ቤተሰብ አለ!

በጌም ግን ሞት ምንድን ነው? ተጫዋቹ ይወድቃል፣ ጥቂት ሰኮንድ ይቆጠራል፣ ይነሣል። ቀባሪ የለም፣ አልቃሽ የለም፣ የቀረ ሰው የለም። ጨዋታ ስለሆነ እንዲያ መሆኑ አይፈረድበትም፣ አለዚያ መጫወት አይቻልም። ግን ልጁ አያቱ ለምን በዚያ ቀን እንደምታለቅስ ካልተነገረው፣ ስለ ሞት የሚያውቀው ይህን ብቻ ይሆናል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ያልነገሩትን ሟችም የሚያስታውስ የለም።

በፍትሕ ለመናገር ሁሉም ጌም አንድ አይደለም። ያ «አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጅንስ» የሚባለው የታሪኩ ዋና ሰው ባየክ ይባላል፣ ልጁ የተገደለበት አባት ነው። ጨዋታው ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ሐዘን ነው። በ2018 የወጣው ተጨማሪ ክፍሉም ግብጻውያን ከሞት በኋላ አለ የሚሉትን የሸምበቆ መስክ ያሳያል። ሥዕሉ የሚያምር፣ ብዙ የተደከመበት ነው። ነገር ግን ደም የበዛበት ስለሆነ በአውሮፓ የዕድሜ ደረጃ 18 ተብሎ ነው የወጣው፣ ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ አለ። ዐሥር ዓመት ለሞላው ልጅ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ልጁ «ሁሉም ክፍል ውስጥ ያሉት ይጫወቱታል» ቢላችሁም ቁጥሩን አሳዩት።

እዚያው ጨዋታ ላይ ግን ብዙ ወላጅ የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። በ2018 «ዲስከቨሪ ቱር» የሚባል ክፍል ወጥቷል፣ ውጊያ ፈጽሞ የሌለበት። በጥንቷ ግብጽ ከተማና መቃብር ውስጥ እየተዘዋወሩ፣ ሬሳ እንዴት ይዘጋጅ እንደነበር ሳይቀር የሚያስረዳ ጉብኝት ነው። ትልቅ ልጅ ካላችሁ «ና አብረን እንየው» በሉት። እሱ መቆጣጠሪያውን ይያዝ፣ እናንተ ኦሪቱን ያዙ። ዕብራይስጡ ሲያቅታችሁ እሱ ይተርጉምላችሁ፣ ታሪኩ ሲያልቅበት እናንተ ቀጥሉለት።

«ልጁ መች ይሰማኛል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደርድሮ!» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ በጨዋታው መሐል የገባ ወላጅ አይሰማም። ስለዚህ ጨዋታው መሐል አትግቡ። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ የሚውልበት ሻባት አለ፣ ሁሉም አንድ ማዕድ ላይ የሚቀመጥበት። ያን ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁት። ያ የቀበሮ ራስ ያለው ሰውዬ ሥራው ምንድን ነው? አንበጣውን ከየት አመጣው? ሙሴ ከግብጽ ሲወጣ የማንን አጥንት ተሸከመ? የመጀመሪያውን በደስታ ይነግራችኋል፣ ልጅ የሚያውቀውን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ሁለተኛው ላይ ያስባል። ሦስተኛውን ካላወቀ፣ ለመንገር ጊዜው ያ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ በሱዳን መንገድ የቀረ ዘመድ ያላችሁ፣ ስሙን ንገሩት። እናት ይሁን፣ ሕፃን ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ ስሙንና የቀረበትን ቦታ፣ የምታውቁትን ያህል። ልጁ በሌላ ቋንቋ ቢያስብም ስም መሸከም ይችላል።